ዛሬ ምን ተጠየቀች?

ካንዲ፣ ማርች 3 ቀን 2004

ለተከበሩ አጎቴ ካዲርቬል፣

እንደምን ሰነበቱ? የአክስቴ የራጃማ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ በአምላካችን በሙሩጋን ቸርነት ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱ የዘገየው ረስቼዎት አይደለም፤ የያዝኩት ሥራ መልክ እስኪይዝ ብዬ ነበር። መልክም ሳይዝ ይኸው ጻፍኩ። ይቅር ይበሉኝ።

የሰሙት ወሬ እውነት ነው። በሻይ እርሻዎቹ አካባቢ ላሉ መምህራን የሚሰጠውን ስልጠና እንዳዘጋጅ ማሰልጠኛችን የመደበው እኔን ነው። ርዕሱ «ፍትሐዊ ትምህርት» ይላል። «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» ብለው ጽፈውልኛል። መምህሩ ሁሉንም ልጅ እኩል አያለሁ ሲል፣ ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገውን እየሰጠ ስለመሆኑ ራሱ እንዲመረምር ማገዝ ነው። እንዲህ ሳወራው ቀላል ይመስላል። ልነድፈው ስቀመጥ ግን ወንበሩ እሾህ ይሆንብኛል። እጽፋለሁ፣ እቀዳድዳለሁ፣ ተነስቼ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ፣ ተመልሼ እጽፋለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት «ልጅቷን ጉንዳን ወሯታል እንዴ?» ይላሉ።

«ለስልጠናው ከዚህ ሁሉ ትምህርት ቤት እኔ የምመራውን ምን አስመረጠሽ?» ላሉት፣ አዳራሹ ሰፊ ነው፤ አውቶቡስም በሩ ድረስ ይመጣል። ሌላውን ስንገናኝ።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አምስተኛ ክፍል ለ አሁንም የሚማረው በአሮጌው የሻይ መመዘኛ ቤት ውስጥ ነው?

የእህትዎ ልጅ፣
ፑሽፓራኒ


ኪልብራይ የሻይ እርሻ፣ ማርች 15 ቀን 2004

ለልጄ ለፑሽፓራኒ፣

እኔ ደህና ነኝ። የአክስትሽ ጉልበት ዝናብ ሲመጣ ያማታል። እዚህ ደግሞ ዝናብ የማይመጣበት ቀን የለም፤ አንቺው አስቢው።

አዳራሹን ውሰጂ። ግን ምክር ልስጥሽ። የእኔ መምህራን ያልሰለጠኑበት ነገር የለም። አምና የመጣው ሰውዬ ባለቀለም ወረቀት አስቆርጦን፣ ክብ ሠርተን አስጨብጭቦን ሄደ። የአምስተኛ ሀ መምህሯን ሴልቫናያኪን ታስታውሻታለሽ፤ «ሰር፣ ልጆቹም እኮ ይህን ያህል አይጫወቱም» አለችኝ። ስለዚህ ምንም ብታስተምሪ ምሳውን አሳምሪ። ሩዙ ላይ ዓሣ ይኑርበት። በምስር ወጥ ብቻ ፍትሐዊነት አይገባንም።

አምስተኛ ለ እዚያው ነው። ጣሪያውን ግን አሳድሼዋለሁ። አንቺ ከካንዲ የምታይው ሌላ፣ እኔ ከዚህ የማየው ሌላ ነው። አምስተኛ ሀ ውስጥ ያሉት የባለሱቆቹና የእርሻው ጸሐፊዎች ልጆች ናቸው፤ ቤታቸው መብራት አለ፣ የሚያስጠናቸው አለ። አምስተኛ ለ እርሻው ለሠራተኞቹ በሠራቸው መደዳ ቤቶች የሚኖሩት፣ የሻይ ለቃሚዎቹ ልጆች ናቸው። ጎበዟን መምህሬን የአምስተኛ ክፍልን የመንግሥት ፈተና ሊያልፉ ለሚችሉት ሰጠሁ። በዚያ ምክንያት በየዓመቱ አራት አምስት ልጅ አልፎ ከተማ ጥሩ ትምህርት ቤት ይገባል። ያ ባይሆን ባለሱቁ ቬላዩታም ልጁን ያወጣል፣ ሌሎቹ ይከተሉታል፣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ያኔ የመደዳው ልጅ ለ ክፍልም አይኖረውም።

እኔ እዚያ መደዳ ውስጥ የተወለድኩ ሰው ነኝ። ነፍሷን ይማርና እናትሽም ቅርጫት ተሸክማ ነው ያሳደገችሽ። ይህን ማንም ሊነግረኝ አይገባም።

ስትመጪ እኛ ዘንድ እደሪ። አክስትሽ ካልሆነ ታኮርፋለች።

አጎትሽ ካዲርቬል


ካንዲ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 2004

ለተከበሩ አጎቴ፣

ፖስታ ካርድዎ ደረሰኝ። ሰላምታ የለውም፣ «በሰው ፊት ለምን?» የሚል ብቻ አለበት። ከእርስዎ እጅ ሰላምታ የሌለው ጽሑፍ ሲደርሰኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ለምን እንደሆነ ልንገርዎት፤ ሰበብ ግን አይደለም። በስልጠናው ዕለት መምህራኑ የክፍላቸውን አቀማመጥ ስለው በየቦታው የልጁን ስም እንዲጽፉ ሳደርግ፣ ባዶ የሚቀረው ቦታ ራሱ ይናገራል ብዬ ነበር። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ስም ለብዙዎቹ አልመጣላቸውም። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ወረቀቶቹን ግድግዳው ላይ ደረደርኳቸው። ለእርስዎ የሰጠሁዎት ደግሞ አምስተኛ ለን ነበር፣ የእርስዎም ወረቀት ነጭ ነበር። ተነስተው «መደዳ ለተወለደ ሰው ስለ መደዳ ከካንዲ መጥቶ የሚያስተምረው የለም» ብለው ሲወጡ፣ መምህራኑም አንድ በአንድ ወረቀታቸውን እየነቀሉ ሲከተሉዎት፣ ምሳው ገና አልቀረበም ነበር። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ከነዓሣው ቀረሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንደ አሰልጣኝም እንደ ልጅዎም። ሰው ሲያፍር የሚማረው መደበቅን ብቻ ነው። ይህን ለሌሎች አሰልጣኞች ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። እዚያ ስደርስ ግን የነደፍኩት ለመምህራኑ ሳይሆን ለንዴቴ ሆነ። አክስቴን ሳልሰናበት አውቶቡስ ላይ የወጣሁትም በእፍረት ነው። ይንገሯት።

አሁን ደግሞ ያላልኩዎትን ልበል፤ አለበለዚያ አርፌ መቀመጥ አልችልም። ትምህርት ቤትዎ የተመረጠው በአዳራሹ ስፋት አይደለም። በአምስተኛ ክፍል ፈተና ካስፈተናቸው ልጆች ያሳለፈው በመቶኛ ሲሰላ ከአካባቢው አንደኛ ነው። ነገር ግን የተመዘገቡት ልጆችና ለፈተና የተቀመጡት ቁጥር አይገናኝም። አምስተኛ ለ ባለፈው ዓመት በፈተናው ቀን የት ነበር? ከሌላ ሰው ሳልሰማ ከእርስዎ መስማት እፈልጋለሁ።

ፑሽፓራኒ


ኪልብራይ፣ ሜይ 8 ቀን 2004

ለፑሽፓራኒ፣

የረሳሽውን ጃንጥላ በአውቶቡሱ ረዳት ልኬልሻለሁ። አንዱ ሽቦ ተሰብሮ ነበር፤ አሠርቼዋለሁ። አክስትሽ አላኮረፈችም፤ ያኮረፈችው እኔን ነው። «ልጅቷን በዝናብ ለቀቃት» እያለች ለጎረቤት ታወራለች።

ሻዩ ዘንድሮ ጥሩ ነው። አዲስ የሂሳብ መጻሕፍት መጥተዋል።

ደብዳቤሽን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ።

ካዲርቬል


ካንዲ፣ ሜይ 27 ቀን 2004

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጃንጥላው ደረሰኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ደብዳቤው ውስጥ የጠበቅኩት መልስ አልነበረም። ስላነበቡት ግን አመሰግናለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎት ፈቃድ ለመጠየቅ ነው። ሴልቫናያኪ ጽፋልኛለች። ሳላማክርዎት መልስ እንዳልሰጠኋት እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። «ያንቺ ስልጠና አናዶኛል፤ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ከኋላ ያሉትን ልጆች በስማቸው ስጠራ ራሴን አገኘሁት። ቀጥሎ ምን ላድርግ?» ትላለች።

ስለዚህ የቀድሞውን ሁሉ ጥዬ ሌላ ነድፌያለሁ። አዳራሽ የለውም፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የለውም፣ ከካንዲ የሚመጣ ሰውም የለውም። አንድ መምህር ሌላ መምህር ክፍል ገብቶ አንድ ልጅ አጠገብ ይቀመጣል፤ ጠዋት ሲገባ ጀምሮ እስከ ማታ መውጫ። የሚጽፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ ልጅ ዛሬ ምን ተጠየቀ? መምህሩ ጎበዝ ነው፣ ሰነፍ ነው አይባልም። ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ሻይ ይዘው ተቀምጠው የጻፉትን ያነባሉ፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዱ አንድ የሚለውጠውን ነገር ይመርጣል። አንድ ቀን መጥቶ አስጨብጭቦ የሚሄድ ስልጠና ሰውን እንደማይለውጥ እርስዎ ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የዘገየሁት።

ይፈቅዱላቸዋል? እርስዎ ካልፈቀዱ አይጀምሩም። ፈተናው ኦገስት ላይ ነው፤ ጊዜው እየሄደ ነው። ሌላውን ጥያቄዬን ደግሜ አልጽፈውም፤ ግን አልተውኩትም።

ፑሽፓራኒ


ኪልብራይ፣ ጁን 21 ቀን 2004

ለልጄ ለፑሽፓራኒ፣

ፈቀድኩላቸው። እንዴት እየሄደ እንደሆነ መጠየቅሽ አይቀርም። ባትጠይቂኝ በተሻለኝ።

መጀመሪያ የገባችው ሴልቫናያኪ ናት፤ ከሀ ክፍል ተነስታ ለ ክፍል። ሙቱማሪ የምትባል የሻይ ለቃሚ ልጅ አጠገብ ዋለች። ረቡዕ ለት መምህራኑ ሲሰበሰቡ ወረቀቷን አነበበች። ንባቡ አልቆየም። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ የተጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ «ሂጂ ውሃ ቅጂ።» ከዚያ በኋላ ሻዩን የጠጣ ሰው አልነበረም።

ለ ክፍልን የሚያስተምረው ገና ምደባ ያልደረሰው ወጣት ነው፤ በትንሽ አበል የያዝኩት። ፊቱ ቀልቶ፣ «እኔ የተቀጠርኩት ጸጥ አድርጋቸው ተብዬ ነው» አለ። ማን እንዳለው አልተናገረም። ሁሉም ያውቃል። ወጣቱ ወደ እኔ እንኳ አላየም፤ ቢያይ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሴልቫናያኪ በሳምንት ሁለት ቀን ክፍሏን ለእሱ እየሰጠች ለ ክፍልን ታስተምራለች። ሳትጠይቀኝ ጀመረች፤ ስጠይቃት «ረቡዕ ለት የመረጥኩት ለውጥ ይህ ነው ሰር» አለችኝ። ባለሱቁ ቬላዩታም ሰምቶ መጣ።

«ርእሰ መምህር፣ የልጄን አስተማሪ ለመደዳው ልጆች እያከፋፈሏት ነው አሉ።»

«በሳምንት ሁለት ቀን ነው።»

«ፈተናው ደርሷል። ልጄ ቢወድቅ ሁለት ቀኑን ከየት አምጥተው ይመልሱልኛል?»

«አይወድቅም።»

«እንግዲህ እርስዎ ካሉ» ብሎ ወጣ። እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። የትምህርት ቢሮው ሹም የሚስቱ ወንድም ነው።

አየሽ፣ አንቺ ካንዲ ተቀምጠሽ ትነድፊያለሽ፣ እዚህ የሚናጋው ትምህርት ቤቱ ነው። እኔም አላርፍ ብያለሁ። ግቢው ውስጥ ስዞር እውላለሁ፤ ለ ክፍል በር ላይ ስደርስ እዞራለሁ። አክስትሽ «ተቀመጥ፣ ምንጣፉን ጨረስከው» ትለኛለች።

ሌላውን ተይው።

አጎትሽ


ካንዲ፣ ጁላይ 5 ቀን 2004

አጎቴ ሆይ፣

አልተውም።

እናቴ ከታመመች በኋላ እጄን ይዘው ትምህርት ቤት የወሰዱኝ እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ ሀ እና ለ ቢኖር ኖሮ የት ነበር የሚያስገቡኝ? ይህን የምጠይቀው ላስቀይምዎት አይደለም። መልሱን እኔም አላውቀውም፤ ሳላውቀው ደግሞ መቀመጥ አልቻልኩም።

ፑሽፓራኒ


ኪልብራይ፣ ጁላይ 25 ቀን 2004

ለፑሽፓራኒ፣

አዎ። አምና በፈተናው ቀን አምስተኛ ለ ቤቱ ነበር። ካቻምናም። «ለእነዚህ ልጆች ፈተናው አያስፈልግም» ብዬ ለወላጆቻቸው አስነግሬያለሁ፤ ዘንድሮም ገና ሰሞኑን አስነግሬ ነበር። አንቺንም ለ ክፍል አስገባሽ ነበር። ቀጫጫ፣ የማትናገሪ፣ አፍንጫሽ የማይደርቅ ልጅ ነበርሽ። ይኸው ተመለሰልሽ። ከጻፍኩት በኋላ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። ማክሰኞ ጠዋት ለሴልቫናያኪ «ዛሬ ቢሮ የለሁም» አልኳት።

«ታዲያ የት ነዎት ሰር?»

«ለ ክፍል።»

ባዶ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። «ልጁ የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚጽፉት። አስተያየት የለም» አለችኝ፤ ሥራ እንደማያምኑት ተማሪ።

ያቺው ሙቱማሪ አጠገብ ተቀመጥኩ። አግዳሚው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ። ወጣቱ መምህር ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። ልጅቷ በዓይኗ ጫፍ ስትሰልለኝ ቆይታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ሰር፣ እርስዎን ደግሞ ምን አጥፍተው ነው እዚህ ያስገቡዎት?»

«ምንም አላጠፋሁም» አልኳት።

«እኔም» አለች።

ከዚያ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ከፊት ያሉት ብቻ ናቸው የመምህሩን ድምፅ የሚሰሙት፤ ይህን ጣሪያውን ያሳደስኩት ሰውዬ አላውቅም ነበር። እስከ ምሳ ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት የለም። ከምሳ በኋላ ወጣቱ፣ ስላለሁ ይሁን ስለ ረቡዕ ስብሰባ አላውቅም፣ «ሙቱማሪ፣ ቀጥሎ ያለውን አንቺ አንብቢ» አላት። ተነሳች። ቃሉን በጣቷ እየተከተለች፣ አንዳንዱ ላይ እየቆመች አነበበችው። ከፊት ያሉት ልጆች ዞረው አዩአት። ማንበብ መቻሏን ጓደኞቿም አያውቁም ነበር።

ማታውኑ ሴልቫናያኪንና ወጣቱን ይዤ ወደ መደዳዎቹ ወጣሁ፤ ሴቶቹ ከለቀማ እንደተመለሱ። በየበሩ «ልጆቹን ለፈተና ላኩ» አልን። የሙቱማሪ እናት ቅርጫቷን እንኳ አላወረደችም።

«አያስፈልግም ብለው ልከውብን የለም እንዴ?»

«ተሳስቼ ነው።»

«በዚያ ቀን ትንሹን የሚይዝልኝ የለኝም ሰር። ልጅቷ ብትሄድ ታልፋለች?»

ልዋሻት አልፈለግሁም። «ላታልፍ ትችላለች» አልኩ።

«ታዲያ ምን ልትሠራ?»

የመለሰችው ሴልቫናያኪ ናት። «ትጠየቅ» አለች። «እንደ ሰው ልጅ ትጠየቅ፤ ስለምታውቀውም ስለማታውቀውም።»

እናቲቱ ቅርጫቱን አወረደች። «አስብበታለሁ» አለች። አንዳንዶቹ ግን በሩን አልከፈቱልንም፤ አልፈርድባቸውም።

ይህን ለቢሮው አልተናገርኩም። አንቺም አትናገሪ።

አጎትሽ


ካንዲ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2004

ለተከበሩ አጎቴ፣

ፈተናው ካለፈ ይኸው ሳምንታት ሆኑ፤ ከእርስዎ አንዲት ቃል የለም። ሴልቫናያኪ «ደህና ነን» ብቻ ብላ ጻፈችልኝ። «ደህና ነን» የሚል ሰው ደህና እንዳልሆነ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ስንቶቹ መጡ? ሙቱማሪስ? ቢሮው ምን አለ? በየቀኑ ፖስታ ቤቱ ጋ ስለምመላለስ ጸሐፊዋ ስታየኝ ገና ከሩቅ እጇን ታወዛውዛለች፤ የለም ማለቷ ነው። አክስቴ እንኳ ትጻፍልኝ፤ ወይም ልምጣ።

ፑሽፓራኒ


ኪልብራይ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2004

ለልጄ ለፑሽፓራኒ፣

«አትምጪ» ብዬ በቴሌግራም ስከለክልሽ እንዳዘንሽ አውቃለሁ። በቬላዩታም አቤቱታ ቢሮው እየመረመረኝ ነበር፤ ስምሽ ከስሜ ጋር እንዲነሳ አልፈለግሁም። አሁን ስላለቀ የጠየቅሽኝን ሁሉ እመልስልሻለሁ።

ከለ ክፍል ግማሽ ያህሉ መጡ። ሙቱማሪ ታናሽ ወንድሟን አዝላ መጣች። አክስትሽ በር ላይ ተቀብላ ያዘችላት፤ ፈተናው እስኪያልቅ ከነልቅሶው በግቢው ስታዞረው ዋለች። ስለ ጉልበቷ ያን ቀን አልሰማሁም።

ውጤቱ ባለፈው ወር መጣ። ከሀ ክፍል አራት አለፉ፤ የቬላዩታም ልጅ አንዱ ነው። ከለ ክፍል ማንም አላለፈም። ሙቱማሪም አላለፈችም፤ ቅርብም አልነበረች። ደስ የሚል ነገር ጠብቀሽ ከነበረ ይህ ነው ያለኝ። በዓመታት የተነፈገ ነገር በሦስት ወር አይመለስም። የተፈተነው ልጅ ስለበዛ መቶኛችን ከአካባቢው መጨረሻ ሆነ። ቢሮው ጠርቶ «ትምህርት ቤቱን ምን ነካው?» አለኝ። «ምንም አልነካውም፤ ለ ክፍልም ተፈተነ» አልኩ። «ማን አዘዘዎት?» አለ። ይህን ያህል ዓመት እንዳይፈተኑ ሳደርግ «ማን አዘዘዎት?» ያለኝ አልነበረም። ይህንኑ አልኩት። አላስደሰተውም።

ቬላዩታም ልጁ ማለፉን ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ስም መጨረሻ ላይ መጻፉን እያነሳ ሱቁ ውስጥ ያብጠለጥለኛል። ስኳር ስገዛ ግን እስከ ደጅ ይሸኘኛል።

ረቡዕ አልቆመም። መምህራኑ ሁሉ አይመጡም፤ ሁለቱ «ጊዜ የለንም» ብለው ቀርተዋል። የሚመጡት ግን ይጨቃጨቃሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ በሳምንቱ ተመልሰው ይመጣሉ። ባለፈው ወጣቱ መምህር የሴልቫናያኪን ክፍል አይቶ፣ «ከፊት የተቀመጠችውን ልጅ ደጋግመሽ ጠየቅሻት፤ መስኮቱ ጋ ያለው እጁን አውጥቶ ደከመው» አላት። ቀልታ ጻፈችው። ከጃንዋሪ ጀምሮ አምስተኛ ሀ እና ለ ይደባለቃሉ። ውሳኔው የእሷ ነው፤ ተጠባባቂ ርእሰ መምህር ሆናለች።

እንግዲህ ይህን ስታነቢ «እርስዎስ የት ሄዱ?» ትያለሽ። ተዛውሬያለሁ። ጡረታዬ እስኪደርስ ወዲያ ማዶ ካለው ተራራ ራስ ላይ ባለችው ባለሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ተመድቤያለሁ። አውቶቡስ አይደርስም፤ ከመጨረሻው ፌርማታ በእግር ነው። አክስትሽ «አንተ ለምነህ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ቦታ ለሰው አይሰጥም» እያለች ድስት በጋዜጣ ትጠቀልላለች። ሰኞ ሄጄ አይቻት መጣሁ። ልጆቹ ሁሉም የመደዳ ናቸው፤ ሀ የለ፣ ለ የለ። ቢሆንም አንዷ ጥግ ላይ የተቀመጠች ነበረች፤ እስክወጣ ማንም ምንም አልጠየቃትም። መንገዱን በሙሉ እሷን እያሰብኩ ወረድኩ፤ ዛሬም ስለእሷ ሳስብ ነው የዋልኩት።

መምህራኑ ሁለት ናቸው፤ ከእኔ ጋር ሦስት። ለስልጠናሽ ይበቃል?

አጎትሽ ካዲርቬል